ጣና ደጃችን እያለ፦ የአፓርታማ እሳት፣ የዘገየው መኪና እና የሕዝብ ቁጣ

ባሕር ዳር ላይ የእሳት ወሬ ከተነሳ አንዱ የግድ እንዲህ ይላል፦ «ኧረ ጣና እዚሁ ደጃችን ተኝቶ እኛን ምን ያስፈራናል!» ሌላው ይቀበለዋል፦ «ሐይቁማ አለ። የሚዘገየው መኪናው ነው እንጂ።» ሁለቱም አልተሳሳቱም። ግን አፓርታማ ተቃጥሎ ሰው ሲሞት፣ ውሃውም መኪናውም የሚደርሱት አብዛኛው ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ማን እንደሚወጣና ማን እንደሚቀር የሚወሰነው ዓመታት ቀድሞ፣ ደረጃው ሲሠራ፣ መስኮቱ ሲገጠም፣ ግቢው ሲታጠር ነው። ቁጣው ግን ሁሌም መኪናው ላይ ይወርዳል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ሁለት የሩቅ አገር እሳቶችን እንይ፤ ከዚያ ወደ ቤታችን እንመለሳለን።

የመጀመሪያው ቻይና ነው። ኅዳር 15 ቀን 2015 ዓ.ም. ማታ፣ በሰሜን ምዕራቧ የኡሩምቺ ከተማ፣ ባለ 21 ፎቅ በሆነ መኖሪያ ሕንፃ 15ኛ ፎቅ ላይ እሳት ተነሳ። በመንግሥት ቆጠራ 10 ሰው ሞተ። ከተማዋ በኮሮና ምክንያት ከ100 ቀን በላይ እንቅስቃሴ ተገድቦባት ነበር። እሳቱን ለማጥፋት 3 ሰዓት ገደማ ፈጀ። ሰው በስልኩ የቀረጸው ቪዲዮ ቶሎ ተሰራጨ። ከመኪናው የሚወረወረው ውሃ እሳቱ ጋ ሳይደርስ ሲረግፍ ይታያል። መኪናው መጠጋት አልቻለም፤ መግቢያው ላይ የቆሙ መኪኖችና የመንገድ መዝጊያዎች ነበሩ።

እዚህ ድረስ ሐዘን ነው። ቁጣ ያደረገው ቀጥሎ የተነገረው ነው። በማግስቱ በተሰጠው መግለጫ ላይ አንድ የእሳት አደጋ ኃላፊ፣ አንዳንድ ነዋሪዎች ራሳቸውን የማዳን አቅማቸው ደካማ ነበር አሉ። ባለሥልጣናቱ የሕንፃው በሮች አልተቆለፉም ነበር ብለውም አስተባበሉ። እስቲ አስቡት። ለወራት «ከቤት እንዳትወጡ» ሲባል የኖረ ሰው ቤቱ ውስጥ ሞተ። ከዚያ ለምን አልወጣም ተባለ። በዚያው ሌሊት የኡሩምቺ ሰው አደባባይ ወጣ። ወዲያው ሻንጋይ ውስጥ፣ በኡሩምቺ ስም በተሰየመ መንገድ ላይ፣ ሰዎች ሻማና አበባ ይዘው ተሰበሰቡ። ባዶ ነጭ ወረቀት ከፍ አድርገው ያዙ። የሚፈልጉትን ቢጽፉበት ያሳስራቸዋላ! ወረቀት ያልያዘውም ቢሆን ከመታሰር አልዳነም። ኅዳር 28 ቀን መንግሥት ጥብቅ የኮሮና ደንቦቹን በብዙ አላላ።

ሁለተኛው እሳት ለእኛ ይቀርባል። ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. ሌሊት፣ ለንደን ውስጥ ግሬንፌል የተባለ ባለ 24 ፎቅ ሕንፃ ተቃጠለ። 72 ሰው ሞተ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ ቤተሰቦች ይኖሩበት ነበር፤ ከሟቾቹም ውስጥ ከአፍሪካ ቀንድ የሄዱ አሉበት። እሳቱ የተነሳው 4ኛ ፎቅ ላይ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ካለ ፍሪጅ ነው። የመጀመሪያው ስልክ የተደወለው፣ በእኛ አነጋገር፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ54 ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ የእሳት አደጋ መኪኖች በ5 ደቂቃ ገደማ ደረሱ።

5 ደቂቃ! እዚህ ጋ ቆም በሉ። መኪናው አልዘገየም። ሆኖም 72 ሰው ሞተ።

ምክንያቱ ሕንፃው የለበሰው ልብስ ነው። ከአደጋው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሕንፃው ታድሶ ነበር። ውጪው በስስ አሉሚኒየም ተሸፈነ። በሁለቱ የአሉሚኒየም ገጾች መካከል ግን ፕላስቲክ ነበር፤ ያውም በደንብ የሚነድ። እሳቱ ከወጥ ቤቱ መስኮት ወጣ፣ ልብሱን ያዘ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጣሪያ ደረሰ። ነዋሪዎቹ «ቤታችሁ ቆዩ» ተብለው ነበር። ምክሩ የመጣው ከበፊቱ አሠራር ነው። የኮንክሪት ሕንፃ እሳትን በአንድ ቤት ውስጥ አፍኖ ይይዛል፤ ስለዚህ ጎረቤት መሸሽ የለበትም ይባላል። ሕንፃው ልብስ ሲለብስ ምክሩ ከንቱ ሆነ። ግን ምክሩ የተሻረው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ47 ላይ ነው። ከመጀመሪያው ስልክ ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ቆይቶ ማለት ነው። በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ደረጃው በጭስ ተሞላ።

ነዋሪዎቹ ከአደጋው በፊት ስለ እሳት ደኅንነት ደጋግመው አቤት ብለዋል። ሰሚ አላገኙም። ከአደጋው በኋላ ደግሞ የለንደን እሳት አደጋ አዛዥ የነበሩት ዳኒ ኮተን ለምርመራው ሲመሰክሩ፣ በዚያ ሌሊት ካደረግነው የምለውጠው የለም የሚል ቃል ሰጡ። የሟች ቤተሰብ ይህን ሲሰማ ምን ይሰማዋል? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የምርመራ ሪፖርት ንግግሩን ነቀፈው፤ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱንም ለእንዲህ ያለ እሳት አልተዘጋጀም አለ። አዛዧ በዚያው ዓመት ሥራቸውን ለቀቁ። ነሐሴ 29 ቀን 2016 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው ሪፖርት ጥፋቱን ወደ ኋላ ሳበው። ለአሥርት ዓመታት ማስጠንቀቂያ ያልሰማ መንግሥት፣ ስለ ዕቃቸው የዋሹ አምራቾች፣ ሳያጣሩ የፈረሙ ባለሙያዎች። 72ቱም ሞቶች ሊቀሩ ይችሉ ነበር ተባለ።

ኡሩምቺና ለንደን በምንም አይመሳሰሉም። ቁጣው ግን የተወለደው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ሰው አስቀድሞ ተናገረ ወይም እንዳይናገር ተከለከለ፤ እሳቱ መጣ፤ ከዚያ ባለሥልጣን ወጥቶ «እኛ ጥፋት የለብንም» አለ። ሰው እሳትን ይረዳል። እሳት እሳት ነው። ንቀትን ግን አይረሳም።

አሁን ወደ ባሕር ዳር። ጂ+4ና ከዚያ በላይ የሆነ ሕንፃ በየሰፈሩ እየበዛ ነው። አንድ ቤት ውስጥ እሳት ቢነሳ ምን ያህል ጊዜ አለን?

ያለን ጊዜ አባቶቻችን ከነበራቸው ያንሳል። በአሜሪካ የተደረጉ ሙከራዎች አሉ። አንዱን ክፍል በድሮ ዕቃ ሞሉት፦ እንጨት፣ ጥጥ፣ ሱፍ። ሌላውን በዛሬ ዕቃ፦ ስፖንጅ ሶፋ፣ ሰው ሠራሽ መጋረጃና ምንጣፍ። የድሮው ክፍል ሙሉ በሙሉ በአንዴ እስኪነድ ግማሽ ሰዓት ገደማ ወሰደ። የዛሬው 5 ደቂቃም አልሞላው። አንድ ክፍል እዚያ ደረጃ ሲደርስ ሙቀቱ 600 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የሚተርፍ ሰው የለም።

አብዛኛውን ሰው የሚገድለው ደግሞ ነበልባሉ ሳይሆን ጭሱ ነው። በጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። ሽታ የለውም፣ አይታይም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ቦታ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስፖንጅ ሲቃጠል ደግሞ ሳያናይድ የሚባል መርዝ ይጨምርበታል። በከሰል ጭስ ታፍኖ የሞተ ሰው ወሬ ያልሰማ የለም፤ ነገሩ ያው ነው፤ ይሄኛው ብቻ ይፈጥናል። ተኝቶ የነበረ ሰው ሳይነቃ ሊያልቅ ይችላል። ንጹሕ አየር ካለ የሚገኘው ወለል አካባቢ ነው። ለዚህ ነው ጎንበስ ብላችሁ፣ ካስፈለገም እየዳሃችሁ ውጡ የሚባለው። ስትወጡ በሩን ዝጉት፤ አትቆልፉት። የተዘጋ በር ጭሱን ከደረጃው ያርቀዋል፤ እሳቱንም አየር ይነሳዋል።

እሳቱ ከየት ይነሳል? ይህን በአጭሩ ልለፈው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት ይህ 16 አምፔር አካባቢ ነው። ለአንድ ተራ ሶኬት ጫፉ ነው። በበዓል ዋዜማ በዚያው ማከፋፈያ ላይ ምድጃና ፍሪጅ ጨምሩበት። ብሬከሩ ቢወድቅ ጥሩ ነው፤ ሥራውን ሠራ። ችግሩ ብሬከሩ «ያስቸግራል» ተብሎ በትልቅ ሲቀየር ነው። ያኔ የሚግለው ግድግዳው ውስጥ ያለው ገመድ ይሆናል። በማግስቱ «ኮንታክት ነው» ይባላል፤ ፋይሉም ይዘጋል።

ወደ መኪናው እንምጣ። ሰው «ዘገየ» ሲል መንገድ ላይ ያጠፋውን ጊዜ ብቻ ያስባል። መዘግየት ግን ብዙ ቁራጭ አለው። መጀመሪያ እሳቱ መታየት አለበት። ከዚያ ሰው መደወል አለበት። ስንቶቻችን የከተማችንን የእሳት አደጋ ስልክ ስልካችን ላይ መዝግበናል? ብዙው ሰው መጀመሪያ የሚደውለው ለወንድሙ ነው። ከዚያ አድራሻ አለ። «ፔዳ ሳትደርስ፣ ከሱቁ ጀርባ፣ ቢጫው ፎቅ» እያልን ነው የምንኖረው። ቀን ላይ ለባጃጅ ሾፌር ይበቃል። በሌሊት፣ መብራት በጠፋበት፣ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ ሲነገር ግን ደቂቃዎች ይበላል። የአሜሪካ የእሳት መከላከል ማኅበር ለቋሚ ሠራተኞች ያወጣው መስፈርት፣ ጥሪ ከደረሰ በኋላ መኪናው በ80 ሰከንድ እንዲነሳ፣ የመጀመሪያው መኪና ደግሞ በ4 ደቂቃ ጉዞ እንዲደርስ ይጠይቃል። ይህ በየሰፈሩ ጣቢያ ላለው ከተማ የወጣ መስፈርት ነው። አንድ ጣቢያ ሰፊ ከተማን የሚሸፍን ከሆነ ሾፌሩ ቢበርም አይደርስም። ጣቢያ ስንት ይሁን የት ይሁን የሚወስነው ደግሞ በጀት የሚያጸድቀው ነው። ሾፌሩማ የተሰጠውን ይነዳል።

መኪናው ሰፈር ገባ እንበል። ወርዱ 2.5 ሜትር ገደማ ነው። እንደ ልብ ለመሥራት 3.5 ሜትር ያህል ክፍት መንገድ ይፈልጋል። የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶኑን አስቡት። በአንድ ወገን ባጃጅ፣ በሌላው የአሸዋ ክምር፣ ከላይ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ ሽቦ። ከዚያ የግቢ በር። ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው፤ ዘበኛው ደግሞ ግርግሩን ሊያይ ሮጧል። የሚረዳ መስሎት የተሰበሰበው ሕዝብም ራሱ መንገድ ይዘጋል። እዚህ ላይ ኡሩምቺን አስታውሱ። «የቆሙ መኪኖች አገዱን» ማለት እውነት ሊሆን ይችላል። ግን የእሳት መንገድ ክፍት መሆኑን በየዕለቱ የመቆጣጠር ሥልጣን የማን ነበር? በአደጋው ማግስት ነዋሪውን መውቀስ ቀላል ነው። እኔ በበኩሌ ይህን የሚል ኃላፊ ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው ትናንትና ምን አድርገህ ነበር ብዬ ነው።

አሁን ሐይቁ። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአገሪቱ ትልቁ። ታዲያ ለምን ከሐይቁ ስቦ አይረጭም?

ፓምፕ ውሃ የሚስብ ይመስለናል። በእርግጥ የሚያደርገው በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ማስወጣት ነው። ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የውጪው አየር ክብደት ነው። በባሕር ጠለል ላይ የአየሩ ክብደት ውሃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ከፍ ያደርጋል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ስለዚህ ጣሪያው 8.3 ሜትር ገደማ ይሆናል። በተግባር፣ ቱቦው ውስጥ የሚባክነው ሲቀነስ፣ ከ5 እስከ 6 ሜትር ቢገኝ ጥሩ ነው። ከፍታው ለሐይቁ ዳር ይበቃል። ችግሩ መኪናው ዳሩ ጋ መድረሱ ነው። ብዙው ዳርቻ ጭቃና ደንገል ነው፤ ከባድ መኪና ይሰምጣል። የቱቦው ጫፍ ወንፊት አለው፤ ሳርና ቅጠል ይደፍነዋል። እምቦጭ የበዛው በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ቢሆንም፣ ለወንፊት ጥቂቱም ይበቃዋል። ከዚያ ርቀት አለ። የእሳት አደጋ የውሃ ጎማ አንዱ ርዝመት ከ20 እስከ 25 ሜትር ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ለመዘርጋት ከ40 በላይ መቀጣጠል አለበት። ከሐይቁ ራቅ ላለ ሰፈር ይህ የማይታሰብ ነው።

ስለዚህ ውሃው በቦቴ ይመላለሳል። 5,000 ሊትር የያዘ መኪና አለን እንበል። አንድ ጎማ በደቂቃ 400 ሊትር ቢረጭ 12 ደቂቃ ይቆያል። ሁለት ጎማ ከሆነ 6 ደቂቃ። ከዚያ ባዶ ነው። ሕዝቡ «ውሃ ሳይይዝ መጣ» የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ሰዓት ደርሶ ነው። በየመንገዱ የሚሠራ የእሳት ውሃ መቅጃ ካለ ክፍተቱ ይሞላል። ግን መቅጃው ግፊት ያለው መስመር ይፈልጋል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር፣ ሮቶ የሌለው ፎቅ የማይታሰብበት ከተማ፣ ግፊቱን ከየት ያመጣል?

ለሐይቅ ዳር ከተማ የሚስማማ ርካሽ ዘዴ ግን አለ። በተመረጡ የዳርቻ ቦታዎች መኪና የሚቆምበት ጠንካራ ወለል ይሠራል። ከሐይቁ እስከዚያ ወንፊት ያለው ቧንቧ በቋሚነት ይቀበራል። መኪናው ይመጣል፣ ይገጥማል፣ ይሞላል፣ ይሄዳል። ሌላ አገር ገጠር ውስጥ በኩሬ ዳር ሳይቀር ይሠሩታል። ውድ ዕቃ የለውም። የሚያስፈልገው ወንፊቱን በየጊዜው የሚያጸዳ ሰው ነው፤ እንደማውቀን ከሆነ ሥራው የሚቆመውም እዚያ ላይ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ቤቶቹ ናቸው። የድሮው ጂ+4 ኮንዶሚኒየም በብዙ ቦታ ደረጃውና መተላለፊያው ለአየር ክፍት ነው። ዝናብና ብርድ ስለሚያስገባ እናማርረዋለን። በእሳት ጊዜ ግን ጭሱን ያስወጣል። እኛ ደግሞ በቆርቆሮና በመስታወት እንዘጋዋለን። አዲሱ ባለ መስታወት ሕንፃ ከነጭራሹ የታሸገ ነው። የታሸገ ደረጃ ጭስ ከገባበት የጭስ ማውጫ ይሆናል። ለዚህ ነው ራሱ የሚዘጋ በር የሚያስፈልገው። በሩ ይገጠማል፤ ከዚያ በብሎኬት ተደግፎ ቀኑን ሙሉ ክፍት ይውላል። ደረጃው ላይ ብስክሌት፣ ጀሪካን፣ የከሰል ጆንያ ይደረደራል። የሰገነቱ በር ልብስ እንዳይሰረቅ ይቆለፋል።

መስኮቱስ? የብረት ፍርግርግ። ሌባ መፍራት ሞኝነት አይደለም፤ ፍርግርጉን ንቀሉ አልልም። በየቤቱ ቢያንስ አንዱ ፍርግርግ ከውስጥ ያለ ቁልፍ እንዲከፈት ማድረግ ግን የአንድ ቀን የብየዳ ሥራ ነው። አዲስ የምታሠሩ ካላችሁ ብየዳ ቤቱን አሁኑኑ ንገሩት።

ሕግ አልጠፋም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከ12 ሜትር በላይ የሆነን ሕንፃ በከፍተኛው ምድብ፣ በምድብ «ሐ»፣ አስቀምጦት ነበር። ጂ+4 በቀላሉ እዚያ ይገባ ነበር። ለዚህ ምድብ ግንባታው አልቆ ሰው ከመግባቱ በፊት የመጠቀሚያ ፈቃድ እንዲያዝም ጠይቆ ነበር። ቁጣ ቢወረወር ፍሬ የሚያፈራው እዚህ ነው። ፈቃዱን ማን ፈረመ? ሲፈርም ደረጃውን ወጥቶ አየው? ምድር ቤቱ ሱቅ ነው ተብሎ ተፈቅዶ የቀለምና የቡታጋዝ መጋዘን ሲሆን ማን መጣ? መኪናው ላይ ድንጋይ መወርወር የሚቀጣው ጭስ ውስጥ የሚገባውን ወጣት ነው። ፈራሚው እቤቱ ተኝቷል።

የማኅበር ስብሰባ ያለባችሁ፣ ስለ ጥበቃ ደሞዝና ስለ ቆሻሻ ካወራችሁ በኋላ የደረጃውን ነገርም አንሱ። የግቢው በር ቁልፍ ሌሊት ሁለት ሰው ጋ ይሁን።

ከከተማው ደግሞ አራት ሰዓቶች ጠይቁ። ከእያንዳንዱ እሳት በኋላ፦ ስልኩ መቼ ተነሳ፣ መኪናው መቼ ከጣቢያ ወጣ፣ መቼ ደረሰ፣ ውሃ መቼ መርጨት ጀመረ። ለንደኖች 6 ከ54ንና 8 ከ47ን የሚያውቁት ምስክር ተሰምቶ፣ የስልክ ቅጂ ተደምጦ፣ ሁሉም ስለታተመ ነው። እኛ ጋ «ዘግይቷል» እና «በሰዓቱ ደርሷል» ሲከራከሩ ይመሻል፤ ሁለቱም ወገን ቁጥር የለውም። አራቱን ሰዓቶች መዝግቦ ለመለጠፍ አዲስ መኪናም አዲስ በጀትም አያስፈልግም። ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል።